ደራሲው ያልታወቀ ዜማ፦ ከአሜሪካ ገጠር እስከ ታና ወንዝ

«አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለውን መዝሙር ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ግጥሙን የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን ነው። ኒውተን በወጣትነቱ ከአፍሪካ ባሪያ የሚጭን መርከብ ካፒቴን ነበር። በኋላ ቄስ ሆነና ግጥሙን ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከቱ አዘጋጀው፤ በመጽሐፍ የታተመው በ1779 እ.ኤ.አ. ነው። በ1788 ደግሞ ያየውንና ያደረገውን እየመሰከረ የባሪያ ንግድን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ።

ዜማውስ? የዜማው ደራሲ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በአሜሪካ ደቡብ ገጠሮች በሰው አፍ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ ዊልያም ዎከር የተባለ የመዝሙር መምህር በ1835 እ.ኤ.አ. «ሳውዘርን ሃርመኒ» በተባለው መጽሐፉ ከኒውተን ግጥም ጋር አጋባው። ዛሬ ዓለም የሚዘምረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ በተለይ መምህራንን የሚመለከት ነገር አለ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ገጠር ሕዝብ ኖታ ማንበብ አያውቅም፤ መሣሪያም የለውም። ስለዚህ መምህራኑ አንድ ዘዴ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ድምፅ በቅርፅ ለዩት፦ ሦስት ማዕዘን «ፋ»፣ ክብ «ሶል»፣ አራት ማዕዘን «ላ»፣ የአልማዝ ቅርፅ ደግሞ «ሚ» ይባላል። መምህሩ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት አዳራሽ ለጥቂት ሳምንታት ያስተምራል። ገበሬውም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም ቅርፁን እያዩ በአራት ድምፅ መዘመር ይችላሉ። ለኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችንም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት እንዲጻፍ እንዳደረጉ ይነገራል። ዜማ በቃል ብቻ ሲተላለፍ እንዳይጠፋ የሰጋ ሁሉ መጻፊያ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የ«አሜዚንግ ግሬስ» ዜማ የተሠራው በአምስት ድምፆች ብቻ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች የኛው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። እስቲ ክራር ያላችሁ በትዝታ ሜጀር ቃኙና ሞክሩት፤ አንድም ድምፅ አይጎድልባችሁም። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም። በብዙ የዓለም ክፍል ሕዝብ በአምስት ድምፅ ያዜማል።

ታዲያ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤን ጆንስተን የተባለ የጆርጂያ ግዛት ተወላጅ የሙዚቃ ደራሲ ይህንኑ መዝሙር ለስትሪንግ ኳርቴት አቀናበረው። ስትሪንግ ኳርቴት ማለት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ አብረው የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ሁሉም እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመቱ የአውታር መሣሪያዎች ናቸው። ጆንስተን በቀላሉ ጀምሮ፣ ዜማውን በየተራ እየለዋወጠና ድምፆችን እየጨመረ በጣም ወደ ረቀቀ ሙዚቃ ያደርሰዋል። ሥሩ ግን ያው የገጠሩ መዝሙር ነው።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንመለስ። ኬንያ ነፃ ልትወጣ ስትል፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ብሔራዊ መዝሙር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስቱ አባላት ግርሃም ሂስሎፕ፣ ጆርጅ ሴኖጋ ዛኬ፣ ቶማስ ካሉሜ፣ ፒተር ኪቡኮስያና ዋሽንግተን ኦሞንዲ ነበሩ። ከመካከላቸው ሴኖጋ ዛኬ ትውልዱ ዑጋንዳዊ ነው። ዜማ ፍለጋ የሄዱት የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። በታና ወንዝ ዳር (የኛን ጣና ሐይቅ ማለቴ አይደለም) የሚኖሩት የፖኮሞ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ የሚያዜሙትን እሹሩሩ መረጡ። ያንን ዜማ ለብዙ ድምፅ አቀናብረው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ግጥም ጻፉለት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. የኬንያ ባንዲራ ናይሮቢ ላይ ሲሰቀል ተዘመረ። ከዳዳብ ወደ ናይሮቢ የተጓዘ ሰው ጋሪሳ ላይ የሚሻገረው ያንኑ ወንዝ ነው። በካምፕ ትምህርት ቤቶች የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ስለሚሰጥ ብዙዎቻችሁ መዝሙሩን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ይሁንና የእናት እሹሩሩ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ዎከር ባይጽፈው ኖሮ ጆንስተን የሚያቀናብረው ዜማ ላያገኝ ይችል ነበር። የፖኮሞን እሹሩሩ የሚያስታውስ ሰው ባይገኝ ኖሮ የኬንያ መዝሙር ሌላ በሆነ ነበር። ትልቁ ሙዚቃ የተነሣው ማንም ከማይቆጥረው ዜማ ነው፤ ያ ዜማም የተረፈው የሚይዘው ሰው ስላገኘ ነው።

በካምፕ ውስጥ ደግሞ አያቶች አሉ። የሰርግ ዘፈን፣ የእረኛ ዜማ፣ ሙሾ፣ እሹሩሩ ያውቃሉ። ልጆቹ የተወለዱት እዚሁ ስለሆነ ያንን አገር አላዩትም፤ ዜማውን የሰሙትም በጥቂቱ ነው። ስደት ቤትና ከብት ብቻ ሳይሆን ዜማም ያስጥላል። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ለመምህራን፦ ለአንድ ሳምንት የሚሆን የክፍል ሥራ እነሆ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ትልቅ ሰው አንድ ዜማ ይቀበል። ስልክ ያለው፣ ባለ ዜማውን አስፈቅዶ ይቅዳ፤ የሌለው ግጥሙን ይጻፍና ዜማውን በቃሉ ያጥና። ከሥሩም ከየት አገር እንደመጣ፣ መቼና ለምን እንደሚዘፈን፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ ይመዝግብ። የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የአኙዋው፣ የሶማሌው፣ የደቡብ ሱዳኑም ይግባ። ከዚያ ክፍሉ አብሮ ይዘምረው። ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ ነገ ለአራት መሣሪያ ያቀናብረው ይሆናል። ለዚያ ሰው ዛሬ ዜማውን አኑሩለት።