የአስቴር ጋኖ ትዝታ፦ ከሊሙ እስከ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ እስከ ሂፖካምፐስ

በ1894 ምፅዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት አንድ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ ለጀማሪ ተማሪ የታሰበ ነው። ፊደል ከማስቆጠር አልፎ ግን ተረት ይተርካል፣ ይተርታል፣ ይዘፍናል፣ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ቃል በቃል እያስታወሰች ወረቀት ላይ ያሰፈረችው ገና ሃያዎቹን የጀመረች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። የጻፈችው በጠቅላላው 500 ያህል ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ሲሆን መጽሐፉ የያዘው ከፊሉን ነው።

አስቴር በ1872 ገደማ ነጻ ሆና ተወለደች። ኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 ዐረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ጭነው ሲያሻግሯት የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት፤ እሷም ወደ ኤርትራ ተወስዳ እምኩሉ ለሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጠች። ያኔ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ይህችን ዕድሜ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደኋላ እንፈልጋታለን።

የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚጠራው የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ሁሩሙ አካባቢ ሲወለዱ ሂካ ተባሉ። አባታቸው የሞቱባቸው የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የወደቁበትን ጊዜ በተመለከተ ግን ሁለት ዓይነት ትረካ አለ፤ አንደኛው ገና በአራት ዓመታቸው ሲል፣ ሌላኛው 1869 ላይ፣ ማለትም አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይላል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ቆይተው በ1870 ምፅዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣቸው። ከ1876 እስከ 1881 ስዊድን፣ ዮሐኔሉንድ ተምረው ተመለሱና ትርጉሙን ተያያዙት። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኦነሲሞስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከኦሮሞ መካከል ርቀው ስለኖሩ የአስቴር እገዛ ባይታከልበት ኖሮ ሥራው እንዲያ አያምርም ነበር። መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ የታዘዘችው አስቴር ነበረች፤ ያ መዝገብም አዲስ ኪዳኑን ለማቃናት አገለገለ።

ሁለት የተሰረቁ ልጆች፣ አንድ ቋንቋ። አንደኛዋ ጋ ሞልቶ የተገኘው ከሌላው ለምን ጎደለ? የታሪክ መዝገብ ዕድሜንና ዓመትን ይነግረናል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ አይነግረንም። ያ እውቀት የመጣው በሌላ መንገድ፣ በአንድ አሜሪካዊ ሕመምተኛ በኩል ነው።

ሄንሪ ሞለይሰን በ1926 ተወለደ። የሚጥል በሽታው እየከፋ ሄዶ ሥራም ሕይወትም ሲነሳው፣ በ1953 በሃርትፎርድ ከተማ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከሁለቱም ጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሚገኘው የአንጎል ክፍል ቆርጦ አወጣለት። ከተወሰደው ውስጥ የሂፖካምፐስ ትልቅ ክፍል ይገኝበታል። ይህ የተጠማዘዘ ሥጋ የባሕር ፈረስ ስለሚመስል በዚህ ስም የጠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቦሎኛው ሐኪም አራንዚ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ለሦስት መቶ ዓመታት ከግምት ያለፈ የሚያውቅ አልነበረም። ቀዶ ጥገናው ሕመሙን አስታገሠው። ሄንሪ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ከሞንትሪያል እየተመላለሱ የሚመረምሩት ብሬንዳ ሚልነር ለዓመታት ቢያዩትም በየጊዜው ራሳቸውን እንደ እንግዳ ሲያስተዋውቁ ኖሩ። ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ያሳተሙት ጽሑፍ የዘመኑን የትዝታ ጥናት መሠረት ጣለ።

ከሙከራዎቹ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ሄንሪ ድርብ መስመር ያለው የኮከብ ሥዕል ፊቱ ይቀመጥለታል። እጁን በቀጥታ እንዳያይ ተከልሎ፣ በመስታወት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል እርሳስ ይነዳል። መስታወቱ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥበት መጀመሪያ ላይ መስመሩን እየሳተ ይተረማመሳል። በሁለተኛው ቀን ይሻለዋል። በሦስተኛው ቀን ጥርት አድርጎ ይሠራዋል፤ ነገር ግን ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደሚያውቅ ፈጽሞ ትዝ አይለውም። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያውቅም። ትዝታ አንድ ነገር አለመሆኑ፣ የእጅ ሙያ አንድ ጓዳ፣ የሆነውን ማስታወስ ሌላ ጓዳ እንዳለው የታየው እዚህ ላይ ነው።

ለኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከሄንሪ ያልጠፋው ነው። የልጅነት ጨዋታውን፣ ወላጆቹን፣ እንግሊዝኛውን እንደያዘ ቀረ። ያስቸገሩት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወደ ቋንቋው የገቡት ቃላት ናቸው፤ በ1980ዎቹ ሲፈተን አብዛኞቹን አያውቃቸውም። እንግዲህ ሂፖካምፐስ የቃል ጎተራ አይደለም፤ ወደ ጎተራው የሚያስገባው በር ነው። ቃሉ ገብቶ፣ በአጠቃቀም ብዛት በአንጎሉ ውጫዊ ክፍል ከሰፈረ በኋላ በሩ ቢዘጋም አይወጣም። 

በሩ ግን ሲወለዱም ተሟልቶ የሚገኝ አይደለም። አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነውን ቢቆነጥጡትም አያስታውስም፤ ሂፖካምፐስ በሕፃንነት ገና እየተሠራ ነውና። ካናዳውያን ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት አይጦች ላይ እንዳሳዩት በጨቅላነት በሂፖካምፐስ ውስጥ በብዛት የሚወለዱት አዳዲስ ሕዋሳት ቀድሞ የተያዘውን ትዝታ ያፈርሱታል። የሕፃን አንጎል እያደገ የራሱን ጽሑፍ ይደመስሳል ማለት ነው።

ስለ ቋንቋ ደግሞ አስገራሚ ማስረጃ አለ። በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሦስት እስከ ስምንት ዓመታቸው ከኮሪያ ወደ ፈረንሳይ በጉዲፈቻ የሄዱና አዋቂ የሆኑ ሰዎችን ፈተኑ። የኮሪያ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ከማያውቁት ሌላ ባዕድ ቋንቋ መለየት አልቻሉም፤ የአንጎል ምስላቸውም ከሌሎቹ ፈረንሳውያን ልዩነት አላሳየም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠፍቷል። በ2014 ግን ሞንትሪያል ላይ ሌላ ውጤት ታየ፦ በጨቅላነታቸው ከቻይና ተወስደው ፈረንሳይኛ ብቻ እየተናገሩ ያደጉ ልጃገረዶች ቻይንኛን ባይችሉም፣ የቻይንኛው የድምፅ ቅላጼ ሲሰማ አንጎላቸው እንደ ቻይንኛ ተናጋሪ ይመልስ ነበር። ቃሉ ሲጠፋ ዜማው ይቀራል እንደማለት ነው። ከአሥር ዓመት ወዲያ የተነቀለ ልጅ ግን ቋንቋውን የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል።

አሁን ወደ እምኩሉ እንመለስ። አስቴር ነጻ የወጣችው በአሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ነው። ኦሮምኛዋ በሩን አልፎ ጎተራው ውስጥ ገብቶ፣ ተረጋግጦ ነበር። የኦነሲሞስ ነገር በየትኛው ትረካ እንደምናምን ይወሰናል። በአራት ዓመታቸው ተነጥቀው ቢሆን፣ ከኮሪያውያኑ ልጆች ጋር ሲነጻጸር አንዲት ቃል ባልቀረቻቸው ነበር፤ መዝሙር መድረስና መተርጎም ቀርቶ። በአሥራ ሦስት ከሆነ ደግሞ አነጋገራቸው ደህና ሆኖ የሚጎድላቸው የአዋቂ ቃል ብቻ ይሆናል፤ የሸንጎው፣ የሙግቱ፣ የኀዘኑ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። አራት ዓመት የሚለው እውነት ከሆነም እንኳ እምኩሉ ነጻ በወጡ የኦሮሞ ልጆች የተሞላ ግቢ ስለነበር የተዳፈነው ቋንቋ መልሶ የሚቀጣጠልበት አጋጣሚ ነበረው።

አስቴር ከጻፈቻቸው መካከል ያለው እንቆቅልሽም ቃልን የማስያዝ የራሱ ብልሃት አለው። በወለጋ ጠያቂው «ሂቦ!» ሲል ተጠያቂው «ሂብ!» ይላል፤ መልሱን ካጣ አገር ይሰጣል፣ አገር የተሰጠው ጠያቂም መልሱን ይነግረዋል። አማርኛው «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እያለ ያንኑ ያደርጋል። ዛሬ የትዝታ ተመራማሪዎች አንድን ነገር ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ራስን ጠይቆ መልሱን ለማውጣት መታገል የተሻለ ያስይዛል ይላሉ። ምድጃ ዳር የተቀመጡ ልጆች በየምሽቱ የሚያደርጉት ይኸው ነበር፤ ተሸናፊው አገር ስለሚያጣ ደግሞ ማንም መልሱን ችላ አይልም። የዘፈን ምት፣ የተረት ድግግሞሽም እንዲሁ ቃሉን አጥብቆ ያስራል። አስቴር 500 ነገር ማስታወሷ ከተሰጥኦዋ በላይ የዚህ ሥርዓት ፍሬ ይመስለኛል። ተሰጥኦዋን ግን አላሳንስም፤ ያንኑ ምድጃ የሞቁ ሁሉ አልጻፉምና።

በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓዶቻቸው ወለጋ ገቡ። ባኬ ጃማ፣ የዛሬዋ ነቀምቴ፣ የኩምሳ ሞረዳ (ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) መቀመጫ ነበረችና ደጃዝማቹ በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው ቀሳውስቱን አስቆጥቶ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት አስከሰሳቸው፤ አጼ ምኒልክ ነቀምቴ እንዲመለሱ ግን እንዳይሰብኩ ፈረዱ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ በማስተማር ብቻ ተወሰኑ። በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ። አስቴርም በነቀምቴ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ያረፉት በ1964፣ ዘጠናን ተሻግረው ነው።

ያ የመጨረሻ ዘመናቸው አንድ ሌላ የሂፖካምፐስ ጠባይ ያስታውሰኛል። ፈረንሳዊው ሪቦ በ1881 እንደጻፈው ትዝታ ሲጠፋ ከአዲሱ ጀምሮ ወደ አሮጌው ይሄዳል። የአልዛይመር በሽታ ጉዳቱን የሚጀምረው ከሂፖካምፐስና ከአጠገቡ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት የበሉትን የረሱ አረጋዊ የልጅነት ዘፈናቸውን ስንኝ ሳይዘሉ ሊያወርዱት ይችላሉ። በወለጋ ከተሞች የቃል ታሪክ የሚሰበስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንዴ አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ የሚጠይቁ እናት ሲገጥሟቸው «አእምሯቸው ደክሟል» ብለው መቅረጫውን ያጠፋሉ። ማጥፋት የለባቸውም። እኚያ እናት ስለ ትናንት ቢጠየቁ ይሳሳቱ ይሆናል፤ ስለ ሠርግ ዘፈንና ስለ ሂቦ ግን ሊታመኑ ይችላሉ። አስቴር ከጻፏቸው ውስጥም ብዙው ሳይታተም በስዊድናዊው የሂላንደር ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ ቆይቷል፤ የነቀምቴ አረጋውያን የሚያውቁትን እየቀዳ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን የሚያነብ ተመራማሪ ቢገኝ፣ ከሊሙ የመጣው የትኛው እንደሆነ፣ በወለጋ የተለወጠውም የትኛው እንደሆነ ሊለይ ይችላል።