የቅኔ ቤት ነገራ

ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በቅኔ ስማቸው የታወቀ ነው። ስለ መምህራኖቻቸው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ልተርክ የፈለግሁት ተማሪው ያላለቀ ሥራውን ይዞ በጉባኤ ፊት ስለሚቆምበት ሥርዓት ነው።

ተማሪው ቀን በየዛፉ ሥርና በየወንዙ ዳር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። የሚሠራውም በቃሉ ነው። ወደ ማታ ግን ሁሉም በየኔታ ዙሪያ ተሰብስበው እያንዳንዱ የቈጠረውን ይናገራል፤ ይኸውም ነገራ ይባላል። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና፣ የበረታው ባለ ስምንቱን መወድስ ይዞ ይቀርባል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ የኔታ እዚያው ያርሙታል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የአንዱ እርማት ለሁሉም ትምህርት ነው። (ሳቅም አይቀርም፤ ኩርፊያ የሚወድ ቅኔ ቤት አይዘልቅም።)

እነዚህ ተማሪዎች ከቤተሰብ ርቀው፣ ቁራሽ ለምነው የሚያድሩ እንግዶች እንደ ነበሩ እኛ የካምፕ ሰዎች ልብ እንበል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም ከዚሁ ትምህርት የወጣ ነው። በሰው አገር ዘመድ ባይኖራቸው አብሮ የተናገረ ጓደኛ አላቸው። ከዓመታት በኋላ ሁለት የቅኔ ሰዎች በሩቅ ደብር ሲገናኙ «ከማን ተማርህ?» ይባባላሉ፤ የአንድ መምህር ልጆች ከሆኑ ወንድማማች ሆኑ ማለት ነው።

በየመጠለያችን ፍራሽ ሥር የተደበቁ ደብተሮች እንዳሉ አውቃለሁ። ለዚህ ወረቀት የሚደርሰው ግን ያለቀው ብቻ ነው፤ እርሱም ጥቂት ነው።