ሰው ስለ ሰዓቱም ሒሳብ ሰጪ ነው

የመንግሥት ገንዘብ የሚይዝ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን በደረሰኝ አስደግፎ ያስረክባል፤ አንድ ብር ቢጐድልበትም ይጠየቃል። የጐደለውን ሰዓት የሚመረምር ግን ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠ የአንድ ሊቅ ታሪክ እነሆ።

አሌክሳንድር ሊዩቢሽቼቭ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ሙያው የሥነ ሕይወት ምርምር ሲሆን፥ በተለይም ጥቃቅን ጥንዚዛዎችን በየዘራቸው ለይቶ ይመድብ ነበር። ይህ ሰው ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ በ1972 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ፥ 56 ዓመት ሙሉ፥ እያንዳንዱን ሥራውን በሰዓትና በደቂቃ እየለካ በደብተር ጻፈ። አብዮትም ሆነ ጦርነት ይህን ልማዱን አላስተወውም።

አጻጻፉም እንዲህ ነበር። ምርምሩን፥ ደብዳቤ መጻፉን፥ ለመዝናናት ማንበቡን ሁሉ ለየብቻ ይመዘግባል፤ በመካከል ያረፈበትንና በጨዋታ ያለፈውን ጊዜ ግን ከሥራው ላይ ይቀንሳል። በወሩ መጨረሻ ይደምራል፤ በዓመቱ መጨረሻም ድምሩን አስቀድሞ ካወጣው ዕቅድ ጋራ ያመሳክራል። በ1966 ዓ.ም. ለዋናው ሥራው 1900 ሰዓት አቅዶ 1906 ሰዓት ሠርቶ ተገኘ፤ ይህም ሰንበትና በዓል ሳይለይ ለቀን ሲካፈል 5 ሰዓትና 13 ደቂቃ ያህል ነው።

ደቂቃውን የሚቈጥር ሰው በቀን ያገኘው ንጹሕ ሥራ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ፥ እኛ ሳንቈጥር በወንበራችን ላይ ከምንውልበት ቀን ምን ያህሉ ሥራ ይሆን? በጧት የምንፈርምበት መዝገብ መምጣታችንን ይመሰክራል እንጂ መሥራታችንን አይመሰክርም። ከዚህም የሚከፋው የጐደለው ሰዓት የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። «ዛሬ ሂድ፥ ነገ ተመለስ» የተባለው ባለጉዳይ እርሻውን ጥሎ፥ የማደሪያ ከፍሎ በደጃችን ይቆማል፤ እኛ ያባከንነው ሰዓት ከእርሱ ዕድሜ ይቀነሳል።

ሊዩቢሽቼቭን መዝግብ ብሎ ያዘዘው አለቃ አልነበረም፤ ደብተሩንም የሹመት መፈለጊያ አላደረገውም። ዳኒል ግራኒን የተባለው ደራሲ በ1974 ዓ.ም. ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሒሳቡን የሚሰጠው ለገዛ ኅሊናው ነበር።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ይያዙ። ለማንም አያሳዩት፤ ነገር ግን አይዋሹበት። ቅዳሜ ማታ ሲደምሩት የሚያገኙት ቍጥር ከማናቸውም ተቈጣጣሪ ይልቅ እውነቱን ይነግርዎታል፤ ሰኞ ጧት በደጅዎ የሚቆመው ባለጉዳይም የዚህን ትርፍ ያገኛል።