ከፖስታ ቴምብር እስከ ቴሌግራም

ለማኅበራችን አባላት የገቢና ወጪ መዝገብ አያያዝ ትምህርት በቴሌግራም እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ የመጀመሪያው ዙር አልተሳካልኝም። 12 ቪዲዮ ቀርጬ፣ ለእያንዳንዱ ርእስ ሰጥቼ በየሰኞው አንድ አንድ እልክ ነበር። እስከ ሦስተኛው የዘለቁት ጥቂት ናቸው። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እህታችንን «ለምን ተውሽው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ቪዲዮሽ ፓኬጄን በላው። እሺ ይብላው፤ የእቁብ ክፍያ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ ብዬ ጽፌልሽ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለም» አለችኝ። ጥያቄዋን ስፈልገው ከሁለት ሳምንት በፊት ተልኮ፣ በሰላምታና በበዓል ምኞት መልእክቶች ተቀብሮ አገኘሁት።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት የኦንላይን ኮርስ አዘገጃጀት የሚያስተምር ኮርስ እኔም በኦንላይን ተከታትዬ ነበር። የትምህርቱን ግብ አስቀድሞ መጻፍ፣ ይዘቱን በትንንሹ መከፋፈል፣ መልመጃ ማውጣት ተምሬበታለሁ። የቤት ሥራዬን ስልክ ግን የሚደርሰኝ «ተቀብለናል» የሚል ቃል ብቻ ነበር። እኔ ላይ የደረሰውን እኔም በእህቶቼ ላይ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ነው «ኢንተርኔት ሳይኖር ሰው ከሩቅ ሆኖ እንዴት ያስተምር ነበር?» ብዬ ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1840 በብሪታንያ አንድ ቀላል ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ የትም ቢሄድ በአንድ ፔኒ እንዲላክ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ዋጋው እንደ ርቀቱ ይጨምር ስለነበር ለድሃ ሰው ደብዳቤ ቅንጦት ነበር። አይዛክ ፒትማን የተባለ የአጭር ጽሕፈት መምህር በዚህ ተጠቅሞ ትምህርቱን በፖስታ መላክ ጀመረ። ተማሪው አንድ ምንባብ በአጭር ጽሕፈት ገልብጦ ይልካል፤ ታርሞ ይመለስለታል። እርማቱ ከመጀመሪያውም የትምህርቱ ግማሽ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን የአና ኤሊየት ቲክኖር ታሪክ ነው፤ የእሷም ሥራ የሴቶች ማኅበር ነበርና። ቲክኖር በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ የምትኖር፣ አባቷ የታወቀ ፕሮፌሰር የሆነ ሴት ነበረች። በዘመኗ ለሴቶች የተከፈቱ ኮሌጆች ጥቂት ነበሩ፤ ያሉትም ልጅ ለምታሳድግ፣ ወላጅ ለምትጦር ወይም ከከተማ ርቃ ለምትኖር ሴት አይመቹም። በ1873 በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥናትን የሚያበረታታ ማኅበር አቋቋመች። አስተማሪዎቹም ተማሪዎቹም ሴቶች ነበሩ። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር።

አሠራሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ተማሪዋ የምታነበው መጽሐፍ ይነገራታል፤ ከሌላት ከማኅበሩ መጻሕፍት ቤት በፖስታ በውሰት ይላክላታል። አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ የያዘችውን ከአእምሮዋ ትጽፋለች። ጽሑፏን በየወሩ ለተመደበችላት አስተማሪ ትልካለች፤ አስተማሪዋም ለእሷ ብቻ የሚሆን ደብዳቤ ትመልሳለች። ለሁሉም የሚበተን አንድ ዓይነት ወረቀት አይደለም፤ «አንቺ ይህን በትክክል ይዘሻል፣ ይኸኛው አልገባሽም» የሚል ደብዳቤ ነው። በ24 ዓመት ውስጥ ከ7,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ተምረዋል። ዲግሪ አልተሰጣቸውም፤ ቲክኖርም ዲግሪ ለመስጠት አልተነሣችም።

የሳይንሱን ክፍል ይዛ የነበረችው ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ ናት፤ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት። ተማሪዎቿ ስለ ትምህርቱ ብቻ አልጻፉላትም፤ ስለ ድካማቸውና ስለ ሕመማቸውም ጻፉላት። እሷም «ይህ ከትምህርታችን ውጭ ነው» አላለችም፤ ስለ ጤና አጠባበቅ ምክሯን ትጽፍላቸው ነበር። በኋላም እኛ በትምህርት ቤት ባልትና እያልን የተማርነውን የትምህርት ዘርፍ በአገሯ ከመሠረቱት ዋነኛዋ ሆነች። ደብዳቤ የምትመልስ አስተማሪ ከተማሪዎቿ ምን ያህል ልትማር እንደምትችል ያየሁት በእሷ ነው።

ማኅበሩ እንከን አልነበረውም አልልም። ሁሉም በቲክኖር ትከሻ ላይ ነበር። በ1896 ስትሞት፣ በማግስቱ ዓመት ማኅበሩም ተዘጋ። ይህን ሳነብ ስለ እኛ ማኅበር አስቤ ደነገጥኩ፤ የትምህርቱ ቻናል የሚከፈተው በእኔ ስልክ ብቻ ነበርና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊ ፖስታ የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ቲክኖር ገና በሕይወት ሳለች። ነገር ግን ደብዳቤ ቢመጣ የሚያነብ ከሌለ የፖስታ ትምህርት አይኖርም። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ለብዙዎቹ እናቶቻችን ግን ፊደል የደረሳቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ስለዚያ መንግሥት ብዙ የሚባል አለ፤ እዚህ ቦታው አይደለም። እናቴ የተማረችው በቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ሊጧን አቡክታ፣ ታናሼን አዝላ ትሄድ ነበር። ስትቀር አስተማሪዋ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ፣ ደጃችን ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ዛሬ ምነው ቀሩ?» ይላታል። እሷም አፍራ በማግስቱ ትሄዳለች። ቲክኖር በደብዳቤ የሠራችውን ያ ልጅ በእግሩ ሠራው።

የእኛ ዘመን ይህን የረሳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ሲከፍቱ 160,000 ያህል ሰው ተመዝግቦ፣ የጨረሰው ከ20,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም፣ በየቤታችን ስልኩ በማስታወሻና በመልመጃ ፎቶ ተጨናንቆ እንደነበር እናቶች ሁላችን እናስታውሳለን። የሚልክ አልጠፋም፤ የልጁን ደብተር የሚያይ ነው የጠፋው።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ቪዲዮውን ተውነው። በእሱ ፈንታ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክትና አንድ የመዝገብ ገጽ ፎቶ እንልካለን፤ ብዙ ዳታ አይበላም። ከአባላቱ መዝገብ የመያዝ ልምድ ያላቸውን አምስት እህቶች «መላሽ» አልናቸው፤ ለእያንዳንዷም ስድስት ሰልጣኝ ተሰጣት። ሰልጣኟ ማታ ስልኳን ዘግታ የቀኑን ሽያጭ፣ ዱቤና ወጪ ከአእምሮዋ በደብተር ትጽፋለች (ይህን ከቲክኖር ነው የወሰድኩት)፤ ዓርብ ፎቶ አንሥታ ትልካለች። እስከ እሑድ ማታ መላሿ በስሟ ጠርታ በድምፅ ትመልስላታለች።

የእቁቡ ጥያቄ መላሾቹንም አከራክሯቸዋል። አንዷ «ከእጄ ከወጣ ወጪ ነው» ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ዕጣሽ እስኪወጣ ድረስ የከፈልሽው ወጪ ሳይሆን በሰው እጅ ያለ ገንዘብሽ ነው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልሽ ግን የሚቀርሽ ክፍያ ዕዳ ነው፤ የተቀበልሽውን ሁሉ እንደ ትርፍ ቆጥረሽ ዕቃ ብትገዢበት ትቸገሪያለሽ። ሁለት እህቶቻችን በዚህ ምክንያት ተበድረው እንደነበር ያወቅነው በዚያ ክርክር መሐል ነው። በ12ቱ ቪዲዮዎቼ ውስጥ ስለ እቁብ አንዲት ቃል አልነበረችም።

ለረጂዎቻችንም ይህን በግልጽ ልጻፍ። ለቀረጻ ተይዞ ከነበረው ገንዘብ የተረፈው ለመላሾች የአየር ሰዓትና ለጊዜያቸው አበል እንዲዞር የጠየቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶ ተነሥቶ ለሪፖርት የሚቀርብ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን የቻናሉ አስተዳዳሪዎችም ሦስት ናቸው፤ እኔ ብታመም አይዘጋም።

ሁሉም አልጨረሱም። አንዲት እህት ስልኩ የባለቤቷ ስለሆነና ማታ ስለማያገኘው ቀርታለች፤ ለእሷ ደብተሯን በእጅ ወስደን ለማረም እየሞከርን ነው። ባለ ጉልቷ እህታችን ጨርሳለች። በሦስተኛው ዙር መላሽ እንድትሆን ስንጠይቃት እሺ ብላለች፤ «ቪዲዮ የምትልኩ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም» የሚል ማስጠንቀቂያ ጨምራ።