በሄክታር የማይቆጠረው ሰው

ስለ አነስተኛ ገበሬ ምርታማነት ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ «በሄክታር ስንት ኩንታል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጎተራው ባዶ የሆነ ቤተሰብ ከማንም በላይ ይጠይቀዋል። ነገር ግን ምርቱ ለመሬቱ ስፋት ብቻ ሲካፈል፣ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ከስሌቱ ይወጣል። ይህ ምን እንደሚያስከትል የአርሲው ጭላሎ በግልጽ አሳይቷል።

በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ስሙ ካዱ፣ ተቋቋመ። መቀመጫውን አሰላ አድርጎ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ይፈትን፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ ጀመር። እረዳለሁ ብሎ የተነሳው ባለ ትንሽ ማሳውን ገበሬና ጭሰኛውን ነበር። በሙያ በኩል ሥራው ሠመረ፤ የስንዴው ምርት በግልጽ ጨመረ።

ጭሰኛው ግን የሚያርሰው የሰው መሬት ነው። እንደ ውሉ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ያስረክባል። ማዳበሪያ ተበድሮ ምርቱን ቢያሳድግ፣ ዕዳው የራሱ ሆኖ ትርፉን ከባለርስቱ ጋር ይካፈላል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ስለነበር ለከርሞ በዚያው ማሳ ላይ ለመቆየቱ ዋስትና አልነበረውም። በአዲስ ነገር ያመነታ ጭሰኛ «ኋላ ቀር» ቢባልም፣ ሒሳቡን ግን አልተሳሳተም።

ባለርስቱም የራሱን ሒሳብ ሠራ። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ሲያይ፣ ሲሶ ከመቀበል መሬቱን ራሱ በትራክተር ማሳረስ ወይም ለባለ ትራክተር ማከራየት ተሻለው። የአርሲ ሜዳ ለትራክተር የተመቸ ነው፤ የመንግሥት የቀረጥ ፖሊሲም ለእርሻ መሣሪያ አስመጪው ያደላ ነበር። ካዱ ብድሩን ከትልልቅ ባለርስቶች ቢያርቅም፣ እነርሱ ገንዘቡን ከሌላ ቦታ አያጡትም። በዚህ መንገድ ብዙ ጭሰኞች ከነቤተሰባቸው ከመሬት ተነቀሉ። በሄክታር የሚሰላው ምርት ግን ከፍ እንዳለ ቀጠለ፤ በመዝገቡ ላይ የተጓደለ ነገር አልታየም።

መድኃኒቱ ያልታወቀ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። የጭሰኛን ውል የሚያስተካክል ሕግ እንዲወጣ ስዊድኖቹም ወትውተዋል። ረቂቁ ግን ባለርስቶች በበዙበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ።

ሆኖም ማሳውን ያገኘው ገበሬ የምርቱ ሙሉ አዛዥ አልሆነም። በደርግ ዘመን ማዳበሪያው፣ ትራክተሩና ብድሩ በቅድሚያ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሄደ። የግል አራሹ እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ተረካቢው ቢለወጥም፣ አብዝቶ ያመረተ አብዝቶ የሚያስረክብበት ሥርዓት ቀጠለ።

የቅርቡ ምሳሌ ጤፍ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመስመር መዝራት በሰፊው ተሰብኳል። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ30 ኪሎ በላይ ዘር ሲፈጅ፣ በመስመር ግን 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ቡቃያው አይተፋፈግም፤ ለአረምም ይመቻል። ነገር ግን የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው። በእጅ እየቆነጠሩ በመስመር ማፍሰስ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ያውም ዝናቡ በማይታገሥበት ሳምንት። ደቦ ጠርቶ መመገብ ወይም ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ወጪ ነው። ይህ ወጪ በሄክታር ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሠርቶ ማሳያው ላይ ያማረው ዘዴ በብዙ ማሳ ላይ ሳይዘልቅ ሲቀር፣ ጥፋቱ በገበሬው ልማድ ይሳበባል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አያስፈልጉም የሚል አይደለም። በቁሉምሳ የተጀመረው የስንዴ ምርምር ዛሬም አገር ይጠቅማል። ትምህርቱ ለአዲስ ዘዴ ከሚቀርበው ጥያቄ ጋር ሌሎች ሁለት መቅረብ አለባቸው የሚል ነው፦ በአንድ ሰው የሥራ ቀን ስንት ኪሎ ይገኛል? ከአውድማው ላይስ ለአራሹ የሚቀረው ስንት ነው? በጭላሎ እነዚህ ሁለቱ ከመጀመሪያው ተጠይቀው ቢሆን፣ የብዙ ጭሰኛ መፈናቀል አስቀድሞ በታየ ነበር።