የቴሌቪዥን ዝግጅት ባለቤት ማን ነው?

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ በተዘረጉት የእንጦጦ ኮረብቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ለቴሌቪዥን በተደጋጋሚ ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለው ዝግጅት የማን ነው? የሠራው፣ ያሰራጨው ጣቢያ ወይስ የተቀረጸችው እናት? የኢትዮጵያ ሕግ ለሦስቱም የተለያየ መብት ይሰጣል።

ፕሮዲዩሰሩ
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር የኦዲዮቪዥዋል ሥራ የኢኮኖሚ መብት የመጀመሪያ ባለቤት ፕሮዲዩሰሩ ነው። ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎምና የማሰራጨት ፈቃድ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ጥበቃው 50 ዓመት ይቆያል፤ ለማግኘትም ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ያልተቀረጸ ሐሳብ ግን ጥበቃ የለውም።

ደራሲውና ሙዚቀኛው
የድርሰቱና የሙዚቃው አመንጪዎች ሥራቸው ከዝግጅቱ ተነጥሎ ጥቅም ላይ ሊውል እስከቻለ ድረስ መብታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስማቸው እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብትም አላቸው። በተቀጣሪነት የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው።

ጣቢያው
የብሮድካስት ድርጅት በሥርጭቱ ላይ ለ20 ዓመት የሚጸና ተዛማጅ መብት አለው። ሌላ ጣቢያ ያለፈቃዱ ሥርጭቱን መልሶ ማስተላለፍ አይችልም። ይሁን እንጂ ከሌላ ፕሮዲዩሰር የተቀበለውን ዝግጅት ማስተላለፉ ብቻ የዝግጅቱ ባለቤት አያደርገውም።

የተቀረጸችው እናት
በዝግጅቱ መታየቷ ብቻ ባለቤት አያደርጋትም፤ ከሽያጩም ድርሻ አያስገኝላትም። መከታዋ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን በአደባባይ ከተፈጸሙ ወይም የሕዝብን ትኩረት ከሚስቡ ክንውኖች ጋር የተያያዘ ምስልን፣ እንዲሁም ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚውለውን ከዚህ ክልከላ ውጪ ያደርገዋል። ሸክሟን ይዛ በመንገድ ላይ የምትቀረጽ እናት ጥበቃዋ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሁሉም ወገን መብቱን የሚያስከብረው ከቀረጻ በፊት በሚደረግ ውል ነው። የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነውና ውሉ ፕሮዲዩሰሩን፣ የሥርጭቱን ብዛትና ዘመን፣ በበይነ መረብ የመጫን ፈቃድንና የተቀራጩን ክፍያ ለይቶ ሊያሰፍር ይገባል። ማንበብ ለማይችል ተቀራጭም ከመፈረሙ በፊት ቃል በቃል ሊነበብለት ይገባል።