ባላስቱን በውስጡ የያዘ የሶዲየም አምፖል፦ ቴክኒካዊ ፈተናዎቹ ከባሕር ዳር አንጻር

የከፍተኛ ግፊት ሶዲየም አምፖል በአንድ ዋት ከ80 እስከ 140 ሉመን ብርሃን ይሰጣል፤ የጎዳና መብራትን ለአሥርተ ዓመታት የተቆጣጠረውም በዚህ ቁጠባው ነው። ብቻውን ግን አይበራም። ብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ አርክ አንዴ ከተለኮሰ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ፣ የሚገታው ባላስት ከሌለ በቅጽበት ይቃጠላል። ባላስቱንና አርኩን የሚለኩሰውን ኢግናይተር ከአምፖሉ ጋር አዋህዶ እንደ ተራ አምፖል አዙሮ የማብራት ሐሳብ የሚማርከው ለዚህ ነው፤ የሚገዛው አንድ ዕቃ፣ የሚተካውም እሱው ብቻ ይሆናል። ለባሕር ዳር ግን ይህ መንገድ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ሐሳቡ የመጣው ከሜርኩሪ አምፖል ነው። እዚያ የተንግስተን ፊላመንት ከአርኩ ጋር በተከታታይ ይያያዝና ባላስትም ብርሃን ሰጪም ይሆናል። ሶዲየም ላይ ሲሞከር ግን ሁለቱ አካላት የሚፈልጉት ከባቢ ይጋጫል። ትኩስ ሶዲየም መስታወትንም ኳርትዝንም ስለሚበላ፣ የአርኩ ቱቦ የሚሠራው የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሮበርት ኮብል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስገኘው ብርሃን አሳላፊ የአሉሚና ሴራሚክ ነው። ጫፎቹን የሚዘጋው ኒዮቢየም ሲግል ናይትሮጅንና ኦክስጅን እየመጠጠ ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ የውጪው ብርጭቆ አየር አልባ መሆን አለበት። ፊላመንቱ በበኩሉ አየር አልባ ቦታ ላይ በደንብ ከጋለ ተንግስተኑ ቶሎ ይተናል፤ እንዲበረክት ጋዝ ይሻል። ኒዮቢየምን የማይነካ ንጹሕ አርጎን ቢሞላ እንኳ ጋዙ የቱቦውን ሙቀት እየወሰደ ብርሃኑን ያደክመዋል። ከዚህ አጣብቂኝ ያለ ኪሳራ የሚወጣ ንድፍ አላየሁም።

የቮልቴጁ ነገርም ቀላል አይደለም። ከ220 ቮልቱ አርኩ 100 ያህሉን ሲወስድ ቀሪው ፊላመንቱ ላይ ያርፋል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ኃይል በዋናነት ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። አርኩ በዋት 100፣ ፊላመንቱ 10 ሉመን ቢሰጡ የጋራ ውጤታቸው 50 ገደማ ነው። አምፖሉ ገና ሲለኮስ ደግሞ አርኩ የሚወስደው ጥቂት አሥር ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ እስኪሞቅ ባሉት አራት አምስት ደቂቃዎች ፊላመንቱ የመስመሩን ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ይሸከማል። የጥቅል ሽቦ ባላስት ከረንቱን ከቮልቴጁ ኋላ ስለሚያስቀር፣ ከረንቱ ዜሮ ሲደርስ አርኩን መልሶ የሚለኩስ ቮልቴጅ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። ፊላመንት ይህን አያደርግም፤ መስመሩ ሲዳከም አርኩ ይጠፋል።

ባሕር ዳር ላይ እነዚህ ድክመቶች ይብሳሉ። ከተማዋ በጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አቅራቢያ ናት፤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም 460 ሜጋዋት አቅም ያለው ጣና በለስ ከተማዋ ዳርቻው ላይ ካለችበት ከጣና ሐይቅ ውኃ ይሠራል። ይሁንና ለአምፖሉ ወሳኙ በመስመሩ ጫፍ የሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የጋለው ሶዲየም ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልበረደ አይለኮስም፤ በተለኮሰ ቁጥርም ፊላመንቱ ያንኑ ጫና ይደግማል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ያህል ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ የኢግናይተሩን በሺህ ቮልት የሚቆጠር ምት የመከላከል ብቃቱም ይቀንሳል። በፊላመንት ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ባላስት በአምፖሉ አንገት የሚከተው ዓይነት በተለይ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራልና።

እዚህ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። 24,000 ሰዓት የሚቆይ የሶዲየም ቱቦ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ተራ ፊላመንት ግን በ1,000 ሰዓት ማለትም በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚጣለው ገና ብዙ ዕድሜ የቀረው ቱቦ ነው፤ አብሮትም በውስጡ ያለው ጥቂት ሜርኩሪ። ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል። ጣና ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ዓሣውም የብዙ ቤተሰብ ቀለብ ነው።

ቢጫው ብርሃን ራሱ ግን ለዳርቻው ይስማማል። አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ጨረሩ ጥቂት ስለሆነ ከነጭ መብራት ያነሱ ነፍሳትን ይስባል። ስለዚህ የሶዲየም መብራት ባለበት ቦታ ባላስቱ ለብቻው በምሰሶው እግር በሚከፈት ሣጥን ይቀመጥ፤ የኢግናይተሩ ምት በረጅም ሽቦ ስለሚደክም እሱ ከአምፖሉ አጠገብ ይሁን። በኤልኢዲ የሚተካበት ጊዜ ሲመጣም ለሐይቁ ዳር ከ2,200 ኬልቪን ያልበለጠው ቢጫማ ዓይነት ይመረጥ።